ብረቱና እንጨቱ፦ የጠመንጃ ሰደፍ በኢትዮጵያ ታሪክ

መግቢያ

ስለ ጠመንጃ በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የገቢ ንግድ ታሪክ ነው። የትኛው ንጉሥ ከየትኛው መንግሥት ስንት ጠመንጃ እንደ ገዛ፣ ዕቃው በምጽዋ ወይስ በታጁራ በኩል እንደ ገባ፣ በየጦርነቱ ስንት እንደ ተማረከ በተጓዦች ማስታወሻ፣ በቆንስሎች ደብዳቤና በነጋዴዎች ውል ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ እነ ሪቻርድ ፓንክረስትን የመሳሰሉ ሊቃውንት በሰፊው መርምረውታል። ዳሩ ግን ጠመንጃው ወደቡን ተሻግሮ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሸዋ ወይም ትግራይ ከደረሰ በኋላ ምን እንደ ሆነ የጠየቀ ብዙ አይደለም። በ1870ዎቹ የገባው ውጅግራ በ1928 ዓ.ም. በዘማች ትከሻ ላይ ተነግቶ ማይጨው መድረሱን እናውቃለን። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዝናብና ፀሐይ፣ የበቅሎ ጉዞና የእጅ በእጅ ውጊያ ያሳለፈ መሣሪያ ሳይጠገን ሊቆይ አይችልም። ማን ጠገነው? በምን ጠገነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በአንድ የጠመንጃ ክፍል በኩል መመልከት ነው፤ ይኸውም በትከሻ ላይ የሚያርፈው የእንጨቱ ክፍል፣ ሰደፉ ነው። ሰደፉን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከጠመንጃው ክፍሎች ሁሉ ቶሎ የሚጎዳውና በአገር ቤት እጅ ሊተካ የሚችለው እርሱ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያዊው ባለ እጅ አሻራውን የተወበት ስፍራ ነው። ሁለተኛ፣ ይኸው አሻራ ዛሬ እኛ በምንኖርበት በአሜሪካ ምድር፣ ከፊታችን፣ በየዕለቱ እየተነቀለ በመጣል ላይ ይገኛል።

1. ያገለገለ መሣሪያ ለአዲስ ባለቤት

የጦር መሣሪያው ታሪክ በኢትዮጵያ ረጅም ነው። የኢማም አሕመድ ነፍጠኞች በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ፣ የክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋላውያንም ከ1533 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ያደረጉት ውጊያ ከመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ምዕራፎች ናቸው። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የተወረሰ ነው። ይሁን እንጂ ጠመንጃ በገፍ መግባት የጀመረው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ለዚህም ዋናው ምክንያት ከኢትዮጵያ ውጭ የተፈጠረ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የአውሮጳ ሠራዊቶች መሣሪያቸውን በየአሥርና በየአሥራ አምስት ዓመቱ ይለውጡ ነበር። ከአፈሙዙ የሚጎረሰው ከኋላ በሚጎረሰው ተተካ፤ ከኋላ የሚጎርሰው ባለ አንድ ጥይት ደግሞ ካዝና ባለው ተተካ። አንዱ ትውልድ በተለወጠ ቁጥር በመቶ ሺህ የሚቆጠር አሮጌ ጠመንጃ ገዢ ፍለጋ ወደ ባሕር ወጣ። ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት እንግሊዞች የያዙት ስናይደር፣ ሕዝባችን ሰናድር ያለው፣ የቆየውን የኤንፊልድ ጠመንጃ የኋላ ብረት ቆርጦ በአዲስ በመተካት የተሠራ ነበር። እንጨቱ ግን የቀድሞው ሆኖ ቀርቷል። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ፣ ለኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ከመድፎች ጋር 850 ያህል ጠመንጃ ትቶ ሄደ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ድል የተመቱት ግብጻውያን ደግሞ ረሚንግተናቸውን ጥለው ሸሹ። ፈረንሳዮች እ.አ.አ. በ1886 ለበልን ሲቀበሉ ከአገልግሎት የወጣው የ1874ቱ ግራ በጅቡቲና በኦቦክ በኩል ፈሰሰ፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በአገራችን አፍ ውጅግራ ሆነ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ያደረሰው 2,000 ያህል ጠመንጃ ከዚያም የባሰ አሮጌ፣ ከአውሮጳ ሠራዊት ከተወገደ ብዙ ዓመት ያለፈው ነበር።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተማረከውም ቢሆን ከዚሁ ዕጣ አልወጣም። የኢጣሊያ መንግሥት የ1891ዱን አዲስ ጠመንጃ ተቀብሎ ሳለ፣ ለዘመተው ሠራዊት ያስታጠቀው ጊዜ ያለፈበትን ቬተርሊ ነበር። ወደ 11,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በኢትዮጵያውያን እጅ ወደቀ ይባላል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ኢትዮጵያ የገዛችውም ሆነ የማረከችው መሣሪያ በአብዛኛው በሌላው እጅ ያረጀ ነበር። ብረቱ ገና ብዙ ያገለግላል፤ እንጨቱ ግን በሰፈር፣ በመርከብና በመጋዘን ደርቆና ተሰንጥቆ ይመጣል። መለዋወጫ ለማስመጣት ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነበር። በ1882 ዓ.ም. የተፈረመው የብራሰልስ ውል መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ሲከለክል፣ ኢትዮጵያም በየጊዜው ከጎረቤት ቅኝ ገዢዎች ፈቃድ ስትለምን ኖራለች። በ1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ስምምነት ግዢውን ሕጋዊ መልክ ቢያስይዘውም፣ በ1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጣሉት እገዳ የጎዳው ፋብሪካ ያላትን ኢጣሊያን ሳይሆን ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን ነበር። እንዲህ ባለው ሁኔታ ለተሰበረ ሰደፍ ከሴንት ኤትየን ወይም ከቶሪኖ ምትክ እንጨት የሚጠብቅ ወታደር አይኖርም። ምትኩን የሚያገኘው ከአካባቢው ዛፍ ነው።

2. ሰደፍ ለምን ይሰበራል? እንዴትስ ይተካል?

ጉዳዩን ለመረዳት የእጅ ሥራውን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። የጠመንጃ እንጨት ሦስት ሥራ አለው፤ ብረቱን ይሸከማል፣ የተኩሱን ግፊት ወደ ትከሻ ያስተላልፋል፣ ለዐይንና ለእጅ ልክ የሆነ ከፍታ ይሰጣል። ከሁሉ ደካማው ስፍራ ከምላጩ በስተኋላ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ አንገት ነው። እዚህ ላይ እንጨቱ ስለሚቀጥንና ወደ ታች ስለሚታጠፍ፣ የእንጨቱ ጅማት ከዳር እስከ ዳር ሳይዘልቅ በአጭሩ ይቆረጣል። ጠመንጃው ከበቅሎ ላይ ሲወድቅ ወይም ጥይት ያለቀበት ተዋጊ ሰደፉን እንደ ዱላ ሲጠቀምበት የሚሰበረው በዚሁ አንገት ነው። ሌላም ቀስ በቀስ የሚመጣ ጉዳት አለ። ብረቱ በእንጨቱ ጎድጓዳ ውስጥ አጥብቆ ካልተቀመጠ፣ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይመታዋል። በዚህም ከብረቱ ጭራ በስተኋላ ስንጥቅ ይጀምራል።

አሮጌውን ማውለቅ ቀላል ነው። እንደ ማውዘር ባሉት፣ ሰደፉና የፊቱ እንጨት አንድ ወጥ በሆኑት ላይ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ መቀርቀሪያው ይወጣል፤ እንጨቱን ከብረቱ ጋር ያሰሩት ቀለበቶች ወደ አፈሙዙ ይሳባሉ፤ ከምላጩ ከለላ ፊትና ኋላ ያሉት ሁለት ብሎኖች ሲፈቱ ብረቱ እንዳለ ከእንጨቱ ተነሥቶ ይወጣል። ረሚንግተንና ለበል ግን እንጨታቸው ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ሰደፉ ብቻውን ይወልቃል። እንግሊዝ ሠራሹ ሊ-ኤንፊልድ ሰደፉ የተያዘው ከተረከዙ ተነሥቶ በእንጨቱ ውስጥ በሚያልፍ ረጅም ብሎን ነው፤ ይህንን ብሎን የፊቱን እንጨት ሳያነሣ ለመፍታት የሚሞክር ሰው የፊቱን እንጨት ሊሰነጥቀው ይችላል።

አስቸጋሪው አዲሱን ማስገባት ነው። የፋብሪካው እንጨት በብዛት ዋልነት ከተባለው የአውሮጳ ዛፍ በመኪና ይፈለፈላል። በአገራችን ያለው ባለሙያ ግን ያለው መሣሪያ መጥረቢያ፣ መሮ፣ ሞረድና የጋለ ብረት ነው። ጠንካራ ሆኖ የማይሰነጠቅ፣ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ የደረቀ እንጨት መምረጥ አለበት፤ እርጥብ እንጨት ከተፈለፈለ በኋላ ይጠማዘዛልና። በየትም አገር ያለ ጠመንጃ ሠሪ እንደሚያደርገው፣ ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ በእንጨቱ ላይ ይጫነዋል፤ የጠቆረውን እየፋቀ፣ እንደገና እየጫነ፣ ብረትና እንጨት በሁሉም በኩል እስኪገጥሙ ድረስ ይደጋግማል። ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው። አንድ ጊዜ በዝቶ የተፋቀ አይመለስም።

ሙሉ በሙሉ መተካት በማይቻልበት ጊዜ ጥገና ይደረጋል። ከኢትዮጵያ በወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ላይ የሚታየው ይኸው ነው፤ የተሰበረው አንገት በሽቦ ተጠምዝዞ፣ በቆርቆሮ ተለብጦ፣ በናስ ሚስማር ተቸንክሮ፣ ወይም ያልለፋ ቆዳ ተሰፍቶበት ይገኛል። የቆዳው ዘዴ በተለይ ሊደነቅ ይገባዋል። እርጥቡ ቆዳ በስብራቱ ላይ ተወጥሮ ከተሰፋ በኋላ ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን እንደ ብረት ማሰሪያ ይጨብጠዋል። ይህ ዕውቀት ከአውሮጳ ከጠመንጃው ጋር ያልመጣ፣ ጋሻና ኮርቻ ሲሠራ ከኖረ እጅ የተገኘ ነው።

3. የተከበረ መሣሪያ፣ የተናቀ እጅ

እዚህ ላይ ከታሪካችን ታላላቅ ተቃርኖዎች አንዱን እናገኛለን። ጠመንጃ የክብር ዕቃ ነበር። በሽልማት ይሰጣል፣ በፉከራ ይወደሳል፣ በሠርግና በልቅሶ ይተኮሳል፣ ለልጅ ይወረሳል። በጥይት የተሞላ ዝናር የታጠቀ ሰው በአደባባይ ስፍራ አለው። ያንን ጠመንጃ ሠርቶ የሚያቆመው ሰው ግን «ጠይብ» ተብሎ ይሰደባል፤ በዐይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራል፤ በብዙ ስፍራም ርስት ተነፍጎ ይኖራል። በጎንደርና በአካባቢው የቤተ እስራኤል ወገኖች በአንጥረኛነታቸው ያገራቸውን ማረሻና ጦር እየሠሩ የደረሰባቸው መገለል የታወቀ ነው።

ነገሥታቱ ጉዳቱን አላጡትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰበሰቧቸው አውሮጳውያን ባለሙያዎች «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ ሲያቀልጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋጋውን ያዩት መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ ሠሪውን በአገር ማኖር እንደሆነ ከድርጊታቸው ይታያል። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ግን ልማድን በአንድ ቀን አይሽርም። በመሆኑም የጦር መሪዎች ስም በዜና መዋዕል ሲጻፍ፣ የውጅግራውን አንገት ሰፍቶ ለዘማቹ የመለሰው ሰው ስም በየትም አልተጻፈም። ያለው ማስረጃ እንጨቱ ላይ የተወው ሥራ ብቻ ነው።

የዐርበኞቹ ዘመን ይህንን ዕዳ ከፍ አድርጎ ያሳየናል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት ዓመታት የውጭ ስንቅና ትጥቅ በአብዛኛው በተቋረጠበት ሁኔታ፣ የዐርበኛው ትጥቅ የአያቱ ውጅግራ፣ ከቤልጅግ ተገዝተው ከጦርነቱ በፊት የገቡት ማውዘሮችና ከጠላት የሚማርከው የኢጣሊያ ጠመንጃ ነበር። ፋሺስቱ መሣሪያ እያሰሰ ሲሰበስብ ብዙው በዋሻና በመሬት ውስጥ ተደበቀ። መሬት ውስጥ የከረመ ጠመንጃ ብረቱ በዘይትና በቅባት ሊተርፍ ይችላል፤ እንጨቱ ግን ይበሰብሳል። እነዚያ ጠመንጃዎች እንደገና ወጥተው የተኮሱት አንድ ሰው አዲስ እንጨት ጠርቦ ስላገጠመላቸው ነው። የነጻነት ትግሉን ታሪክ ስንጽፍ ይህንን ሰው ከተዋጊው ቀጥሎ ልናቆመው ይገባናል ብለን እናምናለን።

4. ጠመንጃው ወደ አሜሪካ ሲሻገር

ከእ.አ.አ. 2010ሮቹ ማብቂያ ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ቆይተዋል። ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ለበል፣ የኢጣሊያ ካርካኖ፣ ሊ-ኤንፊልድ፣ የይሁዳ አንበሳ የታተመበት የቤልጅግ ማውዘር፤ አባቶቻችን የገዙትና የማረኩት ሁሉ በዝርዝር ዋጋ ወጥቶለታል። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ገዢ የሚያገኙባቸው የሰብሳቢዎች ገበያዎች በመላው አገሪቱ አሉ፤ ለእኛም ሩቅ አይደሉም። ከሲታክ በስተደቡብ በምትገኘው በፑያለፕ የትርኢት ሜዳ እንዲህ ያለ ገበያ ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ ኖሯል።

የአሜሪካ ሕግ ስለ ጠመንጃ ያለው አመለካከት ለጥናታችን ትርጉም አለው። እ.አ.አ. በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት፣ «መሣሪያ» የሚባለው ቁጥር የተቀረጸበትና መቀርቀሪያውን የሚይዘው የብረት አካል ነው። እ.አ.አ. እስከ 1898 የተሠራ ጥንታዊ መሣሪያ ደግሞ ከአብዛኛው ቁጥጥር ነጻ ነው። ሰደፉ በሕግ ፊት ተራ እንጨት ስለሆነ ማንም ሊያወልቀው፣ ሊለውጠው፣ ሊጥለው ይችላል። ሰብሳቢውም የሚፈልገው ጠመንጃው ከፋብሪካ የወጣበትን መልክ ነው። በፈረንሳይና በኢጣሊያ ጠመንጃዎች ሰደፍ ቀኝ ጎን ላይ የፋብሪካውን ስምና ዘመን የሚያመለክት ክብ ማኅተም ይገኛል፤ ሰብሳቢው ያንን ማኅተም ይፈልጋል። በኢትዮጵያ እጅ የተጠረበው ሰደፍ ማኅተም የለውም። ስለዚህ እንደ ጉድለት ይቆጠርና ተነቅሎ በአውሮጳ እንጨት ይተካል። ከዚያ በኋላ ያ ጠመንጃ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ነበረ የሚናገር ነገር ብዙ አይቀርበትም።

ይህ ሥራ በክፋት የሚፈጸም አይደለም። ነገር ግን በዚችው አገር ተመሳሳዩ ጥገና በሌላ ዐይን ይታያል። ላኮታና ሻየንን የመሳሰሉ የአሜሪካ የሜዳው ምድር ነባር ሕዝቦች ከነጭ ነጋዴዎች የገዟቸውን ጠመንጃዎች በናስ ሚስማር ያስጌጡ፣ የተሰበረ አንገታቸውንም በጥሬ ቆዳ ይሰፉ ነበር። እነዚያ ጠመንጃዎች ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች በመስተዋት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሚስማሩንና ቆዳውን ለመንቀል የሚደፍር የለም፤ እንዲያውም ዋጋቸውን ከፍ የሚያደርገው እርሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእጁ ሥራ ልዩነት አይደለም። የአንዱን ታሪክ የሚያስረዳ መጽሐፍ፣ አጥኚና ተቆርቋሪ ተገኝቷል፤ የሌላውን የሚያስረዳ ግን እስካሁን አልቆመም። ተቆርቋሪ ሊሆን የሚገባው ማን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

5. ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

ከመካከላችን «ጠመንጃ ምን በጀን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከአገር ያስወጣን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወንድምና እኅት ያሳጣን ይኸው መሣሪያ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ በተደረገው መስፋፋትም ያው ውጅግራ ለአንዱ የአገር ግንባታ፣ ለሌላው የገባርነት ቀንበር ነበር፤ «ነፍጠኛ» የሚለው ስምም እስከ ዛሬ የፖለቲካ ጠብ መነሻ ሆኖ ይገኛል። እኛ ጠመንጃን ለማወደስ አልተነሣንም። ይልቁንም ጉዳዩ የሚያወድሰውንም የሚያወግዘውንም ወገን የሚመለከት ነው። መሣሪያው በማን እጅ ነበር? ከየት ወደ የት ተጓዘ? ማን በግድ ሠራለት? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ የጽሑፍ መዝገብ በሌለበት፣ የዕቃውን ምስክርነት ማጥፋት ሁለቱንም ወገኖች ያለ ማስረጃ ያስቀራል። ያለ ማስረጃ የሚደረግ ክርክር ደግሞ ወዴት እንደሚያመራ ከራሳችን ዘመን የበለጠ አስተማሪ የለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ በኢትዮጵያ የጠመንጃው ዕድሜ ከፋብሪካው ዘመን አልፎ የረዘመው በባለ እጁ ጥገና ነው። የዚህም ጥገና ዋና ሰነድ ሰደፉ ነው። ሰነዱ ከአገር ወጥቷል፤ እየተበተነም ነው። ስለሆነም በውጭ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ልንፈጽማቸው የምንችላቸውን ሦስት ተግባሮች ለማኅበራችን አባሎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ጠመንጃ ያላቸውን ሰብሳቢዎች ቀርበን፣ እንጨቱ ከመነቀሉ በፊት ሁለቱም ጎኖች፣ አንገቱና ተረከዙ በፎቶግራፍ እንዲነሡ፣ የተቀረጸ ፊደል፣ መስቀል ወይም ስም ካለ እንዲገለበጥ፣ የብረቱም ቁጥር አብሮ እንዲመዘገብ መጠየቅ። ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች የታሪክ ወዳጆች ናቸውና በትሕትና ቢጠየቁ እምቢ ይላሉ ብለን አንገምትም። ሁለተኛ፣ የተነቀለው ሰደፍ እንዳይጣል ማድረግ። ለሕጉ ተራ እንጨት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ያለ ፈቃድ በፖስታ ሊላክ፣ በማኅበረሰብ ማዕከልም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ሊቀመጥ ይችላልና። ሦስተኛውና አስቸኳዩ፣ በሲታክ፣ በሲያትልና በሌሎች ከተሞች በመካከላችን ያሉትን አረጋውያን መጠየቅ ነው። አባታቸው ወይም አያታቸው ጠመንጃውን የት ያሠራ ነበር? ሠሪው ምን ይባል ነበር? ከምን እንጨት ሠራው? ዋጋው ጨው ነበር፣ እህል ወይስ ብር? እንጨቱ በመጋዘን ሌላ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱልን ሰዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ ሥራ መነሻ እንዲሆን፣ ያነበበውም ወገን የሚያውቀውን እንዲጨምርበትና የጎደለውን እንዲሞላ በአክብሮት እናሳስባለን።

ሲታክ፣ ዋሽንግተን